ማናለብሽ የለካቻቸው መታጠቢያ ቤቶች

ማናለብሽ ፀጋው ሆቴል ደርሳ የክፍል ቁልፍ ስትቀበል እንደ ሌላው ሰው አልጋውን ወይም ቴሌቪዥኑን አታይም። ሻንጣዋን በር ላይ ጥላ በቀጥታ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ትገባለች። መብራቱን ታበራለች፤ ጫማዋን ታወልቃለች፤ ከቦርሳዋ የአምስት ሜትር መለኪያ አውጥታ በርከክ ትልና ወለሉን ከጥግ እስከ ጥግ መለካት ትጀምራለች።

በሁለት ሺህ ስምንት ዓ.ም. ጥቅምት ማለቂያ ላይ ቢሾፍቱ በገባችበት ሐሙስም ያደረገችው ይህንኑ ነበር። ሆቴሉ ሐይቁ አፋፍ ላይ የተሠራ፣ የመሥሪያ ቤቷ ሰዎች ስሙን ሲጠሩ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉለት ዓይነት ነው። መታጠቢያ ቤቱ እንጅባራ ካለው የወላጆቿ ሳሎን ይሰፋል። ግድግዳው ጥቁር ድንጋይ ለብሷል። መሐል ላይ ነጭ ባኞ በአራት የነሐስ እግሮች ቆሟል፤ ፊት ለፊቱ ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ መስኮት አለ፤ የሚታጠብ ሰው ተኝቶ ሐይቁን ያያል። የፎጣ መስቀያው እንኳ ይሞቃል።

«ኧረ በማርያም!» አለች አብራት የምታድረው የሥራ ባልደረባዋ ሀይማኖት፣ በሩን ተደግፋ። «ሰው ባኞ ሲያገኝ ይታጠባል እንጂ ይለካል? ልትገዢው ነው?»

«ጫፉን ያዥልኝ።»

«የሆቴሉ ሰው ቢያይሽ ነቅላ ልትወስደው ነው ይላል። ስንት ሆነ?»

«ወርዱ አራት ሜትር ከአርባ። በይ ዝም በይ፣ ውሃው በስንት ሰከንድ እንደሚወርድ ልቁጠር።»

ማናለብሽ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሥራዋ የምንጭና የቧንቧ ውሃ መርምሮ ውጤት መጻፍ ነው። ያላየችውን አትጽፍም፣ ያየችውን አትዘልም፤ ከፈረመች በኋላ ውጤቷን ቀይራ አታውቅም። በዓመት ሦስትና አራት ጊዜ ለሥልጠና ትጠራለች፤ ሥልጠናውን የሚያዘጋጁት ድርጅቶች ደግሞ ሠልጣኞችን የሚያሳድሩት እሷ በራሷ ደመወዝ ደጃፉን በማትረግጠው ሆቴል ነው።

የምትለካው ለይኸነው ነበር።

ይኸነው ዳንግላ የሚኖር የቧንቧና የሴራሚክ ባለሙያ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት እሷ የምትሠራበት ላቦራቶሪ የእጅ መታጠቢያ ሲያፈስ ሊጠግን መጣ። ጉንጩን ወለሉ ላይ አስተኝቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ያፈሰሰው ውሃ በየት በኩል እንደሚሄድ ሲያይ ማናለብሽ በቁሟ አየችው። ውሃን እንደዚያ የሚያይ ሌላ ሰው ገጥሟት አያውቅም። ወዳጅነታቸው ሲጠና አንድ ቀን፣ «እኔ ዳንግላ ቁጭ ብዬ የትልልቆቹን ሆቴሎች መታጠቢያ ቤት በምን ዓይኔ አያለሁ? አንቺ እይልኝ» አላት። አየችለት። ከሆቴሉ መሳቢያ የምታገኘውን ስም የታተመበት ወረቀት አውጥታ የክፍሉን ንድፍ ትሥላለች፣ ልኩን ትጽፋለች፣ ከሥሩ ሁለት ሦስት መስመር የራሷን ነገር ትጨምራለች። ንድፍ በስልክ አይነገርምና እንጅባራ ስትመለስ ደብዳቤውን ለዳንግላ ሚኒባስ ሾፌር ትሰጣለች። እሱም ከሲሚንቶ ከረጢት በተቀደደ ወረቀት ይመልስላታል።

ከሐዋሳ፣ በርም ደፍም ስለሌለው ሻወር ጻፈችለት፤ ወለሉ ዓይን በማይለየው ዝቅታ ውሃውን ወደ አንድ ጥግ ይነዳዋል። ከአዲስ አበባ፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ፣ መኝታውንና መታጠቢያውን የሚለየው መስታወት ብቻ ስለሆነበት ክፍል ጻፈችለት፤ «እኔና ሀይማኖት አንሶላ ሰቅለን በየተራ ታጠብን፤ ሀብታም ማፈር የሚባል ነገር አልፈጠረበትም መሰለኝ» አለችው። ከጎንደር፣ በወንዝ ጠጠር ስለተነጠፈ ወለል ጻፈችለት፤ ከሥሩም እየሳቀች፣ «ከዚህ በኋላ የእኛ ቤት የጓሮ መታጠቢያ የከብት ገንዳ መስሎ ይታየኝ ጀምሯል» ብላ ጨመረች።

የጎንደሩ ደብዳቤ የተላከው በግንቦት ነው። ከዚያ ወዲህ ከዳንግላ አንድም ወረቀት አልመጣም። ሁለት ደብዳቤ ደግማ ላከች፤ አንዱ ከወለል ተነሥቶ ሐይቅ ስለሚያሳይ መስኮትና በነሐስ እግር ስለቆመ ባኞ ነበር፤ ዝም። ስትደውልለት፣ «እጄ ሲሚንቶ ነው፣ በኋላ» ብሎ ዘጋ። ያ በኋላ ሳይመጣ ስድስት ወር ሆነው።

ሀይማኖት እራት ስትወርድ ማናለብሽ ባኞውን ሞልታ ገባችበት። ሐይቁ ከሥሯ ፀጥ ብሏል። ይህን ሁሉ ለማን ነው የማየው ብላ ራሷን ጠየቀች። ውሃው እስኪበርድ ተቀመጠች፤ ከዚያ ወጥታ ጻፈች። ንድፉን ሣለች፣ ልኩን አሰፈረች። ከልኩ በታች የምትጽፈው አጥታ ቦታውን ባዶ ተወችው።

* * *

ቅዳሜ እንጅባራ ደርሳ፣ ደብዳቤውን እንደ ልማዷ ለዳንግላ ሚኒባስ ሾፌር ሰጥታ ቤት ስትገባ እናቷ እታለማሁ ሻንጣዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ያዘቻት።

«አንቺ መስክ ሳለሽ ሁለት እሁድ መጥተው ተመለሱ። የጫግኒው ሽመክት ሽማግሌዎች። አባትሽ ‹ልጄን ልጠይቅ› ብሎ አቆያቸው። ነገ ሦስተኛቸው ነው፤ መልስ ይፈልጋሉ።»

«እማየ፣ እኔ እኮ…»

«አንቺ ምን? ያ የሽንት ቤት ሠሪሽ ሰው ልኳል?»

«የሽንት ቤት ሠሪ አትበይው።»

«እሽ፣ የሽንት ቤት መሐንዲስ! ሁለት ዓመት ሙሉ ወረቀት! የሰው ልጅ በሽማግሌ ነው የሚጠየቅ ወይስ በሚኒባስ?» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ልጄ፣ የሚፈልግ ሰው ዝም አይልም» አለቻት።

ማናለብሽ ሻንጣዋን አስቀመጠች። እናቷ ከተናገረችው ሁሉ ያጠቃት ይኸው የመጨረሻው ነበር፤ እሷም ቢሾፍቱ ላይ ያሰበችው እሱኑ ነበርና።

ሽመክትን ታውቀዋለች። ጫግኒ የእህል ነጋዴ ነው፤ ለሥራ በሄደችባቸው ጊዜያት ሁለቴ አግኝታዋለች። ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ሰው ሲናገር የሚሰማ ሰው ነው። ክፉ ቢሆን ይቀላት ነበር።

ያን ቀን ስልኳን ስንት ጊዜ እንዳነሣች እሷው ታውቃለች። ለይኸነው ደውላ «ነገ ሽማግሌ ሊመጣብኝ ነው» ብትለው በቂ ነበር። ግን በዚያ አገር ሴት ልጅ የፈለገችውን ትማራለች፣ የፈለገችበት ትሠራለች፤ «ሽማግሌ ላክብኝ» ብላ ግን አትለምንም። የላከ ይላክ፣ ያልላከ ይቅር ነው። ማናለብሽ ስልኩን ትራሷ ሥር አድርጋ እንዲጠራ ጠበቀች። ኔትወርኩ ያን ቀን ጥሩ ነበር።

እሁድ ጠዋት፣ ውርጩ ከሣሩ ላይ ሳይነሣ ሦስቱ ሽማግሌዎች ደረሱ። እንደ ወጉ ቆሙ እንጂ አልተቀመጡም። የሚመሯቸው አቶ አየነው በአካባቢው የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ቃላቸው የማይታጠፍ ሰው ናቸው።

«ይቀመጡ እንጂ፣ አቶ አየነው» አሉ አባቷ አቶ ፀጋው፣ በሕመም ከከረሙበት መደብ ላይ።

«የመጣንበትን ሳናገኝ አንቀመጥም። ደግሞ ጊዜው ተለውጧል፤ አባት ብቻ ጠይቀን አንሄድም።» ሽማግሌው ወደ ማናለብሽ ዞሩ። «ልጄ፣ ማንም አያስገድድሽም። እንቢ ብትይም አንቀየምሽም። ፈቃድሽ ነው ወይ?»

ማናለብሽ የስድስት ወሩን ዝምታ አሰበች። እናቷ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላለች።

«ፈቃዴ ነው» አለች።

ያን ጊዜ አባቷ ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ። ከመስቀል ወዲህ ያለ ደጋፊ ቆመው አያውቁም። ቆመው መረቋት፤ ሽማግሌዎቹ አሜን አሉ፣ ተቀመጡም። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። ማናለብሽ አሜን ስትል ናሙናውን ሳታይ ውጤት ላይ የፈረመች መሰላት፤ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገችው።

* * *

ማክሰኞ ዳንግላ ወረደች። ለራሷ የነገረችው ምክንያት ደብዳቤዎቿን ለመቀበል ነው። የታጨች ሴት ደብዳቤ ሌላ ወንድ ቤት አይቀመጥም።

የይኸነውን ቤት ከዚህ በፊት ያየችው ግድግዳው ሳይመረግ ነበር። አሁን ተለስኗል፤ ጣሪያው አጠገብ በብረት ማማ ላይ ጥቁር የውሃ ሮቶ ተቀምጧል። ደጃፉ ላይ ሽንኩርት የምትልጥ አክስቱ እትዬ ካሳነሽ ስታያት ቢላዋው ከእጇ ወደቀ።

«ውይ! ማን ነገረሽ? ገና እኮ ነው! ይኸነው! ና ውጣ፣ ምሥጢርህ በእግሯ መጣችልህ!»

ይኸነው በነጭ ሲሚንቶ እስከ ክርኑ ተለውሶ ወጣ። አያት። ሳቀ። ማናለብሽ በስድስት ወር ያሰላሰለችው የቀዘቀዘ ፊት ሁሉ በዚያ ሳቅ ውስጥ አልነበረም።

«ደብዳቤዎቼን ልወስድ ነው የመጣሁት» አለች ቶሎ ብላ።

«ደብዳቤዎቹን?» አለ። «ግድግዳ ላይ ናቸው። ነይ ላሳይሽ።»

እጇን ሊይዝ ሲል ሲሚንቶውን አስታውሶ ተወው። ተከተለችው። በሳሎኑ አልፈው፣ አዲስ የተገጠመ በር ከፍቶ ቀድማው እንድትገባ ጎን ለቀቀላት።

ማናለብሽ ቆመች።

ወለሉ በወንዝ ጠጠር ተነጥፏል፤ አንድ ዓይነት መጠን ያላቸው፣ የተመረጡ ጠጠሮች። ሻወሩ በር የለውም፣ ደፍም የለውም። በምሥራቅ በኩል ከወለል የሚነሣ መስኮት ወደ ጓሮው ባሕር ዛፍ ይከፈታል። መሐል ላይ ባኞ አለ፤ የነሐስ እግር ስለሌለው ብረት በይዶ፣ ሞርዶ፣ ቀለም ቀብቶ አራት እግር ሠርቶለታል። ገና ሴራሚክ ባልለበሰው አንድ ግድግዳ ላይ ደብዳቤዎቿ በላስቲክ ተሸፍነው በየተራቸው ተሰቅለዋል፤ የሆቴሎቹ ስም ከላይ፣ የእጅ ጽሑፏ ከሥር፣ በየዳሩ የእሱ የእርሳስ ምልክት።

«ጠጠሩ ከግልገል ዓባይ ነው» አለ። በሕይወቱ ይህን ያህል ተናግሮ አያውቅም። «አንድ በአንድ ነው የለቀምኩት። የጎንደሩ ሦስት ሳንቲ ነው ብለሻል፤ እኔ ሁለት ተኩል አደረግሁት፣ እግርሽን እንዳይቆረቁርሽ። መስኮቱ ሐይቅ የለውም፤ ምን ላድርግ፣ ሐይቅ አልሠራ! መስታወቱን ግን ወደ ሳሎን አላደረግሁትም፤ አንሶላ እንዳትሰቅይ።»

ልትስቅ አፏን ከፈተች፤ አልወጣላትም።

«የቢሾፍቱው ትናንት ደረሰኝ። ከሥሩ ምንም አልጻፍሽም።»

«አንተም አልጻፍክልኝም።»

«ብጽፍ አወራው ነበር። ላስደንቅሽ ፈልጌ…» በአውራ ጣቱ አንዱን ደብዳቤ ነካ፤ የጎንደሩ ነበር። «የከብት ገንዳ ይመስለኛል አልሽ። በዚያው ሰሞን እናትሽን ገበያ አግኝቼ ሰላም ብላቸው፣ ‹ልጄ የለመደችው ሌላ ነው፣ ራስህን አታድክም› አሉኝ። እውነታቸውን ነው አልኩ። ይህን ሳልጨርስ ሽማግሌ አልክም፣ በር የምትከፍተው ወደማያሳፍራት ቤት ይሁን ብዬ ማልኩ።»

«ይኸነው፣ እሱ እኮ ቀልድ ነበር።»

«አሁን ምን ቸገረን፣ አለቀ!» ሻወሩን ከፈተው። ውሃው ሞቅ ብሎ በጠጠሩ ላይ ወረደ፣ ሳይጠራቀም፣ ሳይዞር ወደ ጥጉ ሄደ። «እዪው። አንድም ጠብታ አይቀርም። ይህ አንድ ግድግዳ ነው የቀረኝ፤ ዓርብ ይደርቃል። እሁድ ሽማግሌ ይመጣልሻል። አቶ አየነውን ልለምናቸው ነው፣ ዛሬ ከሰዓት እንጅባራ ልሄድ ነበር። አቶ አየነው የያዙት ቃል አይወድቅም ይላሉ።»

ማናለብሽ እስኪጨርስ ጠበቀችው። ውሃው ሲወርድ እያየች፣ የሚለውን ሁሉ አንዲት ቃል ሳታቋርጥ ሰማችው። ከዚህ በኋላ እንደዚህ ደስ ብሎት እንደማታየው ታውቅ ነበር።

«አቶ አየነው ባለፈው እሁድ ቤታችን መጥተው ነበር» አለች።

ይኸነው ገና እየሳቀ ነበር። «ለምን?»

«በሽማግሌነት።»

ሻወሩን ዘጋው። ከቧንቧው ጫፍ የቀረችው ውሃ ጠብ፣ ጠብ አለች።

«አባትሽ ሰጡ?»

«እኔን ጠየቁኝ።»

«በራስሽ አፍ?»

«በራሴ አፍ» አለች። «ስድስት ወር ይኸነው! ስድስት ወር ዝም አልከኝ። የተውከኝ መሰለኝ። አንዲት መስመር! በሲሚንቶ ወረቀት አንዲት መስመር ብትጽፍልኝ፣ በጓሮ በከብት ገንዳ ታጥቤ እኖርልህ ነበር!»

‹አፍርሺው› እስኪላት ጠበቀች። አንዲት ቃል ነበረች፤ ቢላት፣ ዛሬውኑ እንጅባራ ተመልሳ የሆነው ይሁን ትል ነበር። ፊቱን አየችው፤ እሱም ‹አፈርሰዋለሁ› እንድትለው እየጠበቀ እንደሆነ ገባት። ቀስ ብሎ የሚሄድ ውሃን እንደሚጠብቀው ዓይነት ነበር አጠባበቁ። ሁለቱም ሁለት ዓመት የኖሩት እንዲሁ ነው። ይህን እያወቀች፣ አንደበቷ ግን አልታዘዝ አለ።

«አባየ ከመደቡ ተነሥቶ ነው የመረቀኝ» አለች በመጨረሻ። «እግሩ ላይ ብወድቅስ?»

«ያለ ደጋፊ ተነሡ?»

«በከዘራ።»

ይኸነው ራሱን ነቀነቀ። ሴራሚክ ላልለበሰው ግድግዳ ጀርባውን ሰጥቶ የባኞው ጠርዝ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ፣ የራሱ ሥራ እንዳይሸከመው የሠጋ ይመስል።

«ማን ነው?»

«ሽመክት ይባላል። የጫግኒ ሰው ነው። እህል ነጋዴ…»

«ከመናኸሪያው በላይ፣ አረንጓዴ በር ያለው ቤት?»

«ታውቀዋለህ?»

«መታጠቢያ ቤቱን የሠራሁት እኔ ነኝ።» እጆቹን አየ። «ክረምቱን ጫግኒ የከረምኩት እሱ ቤት ነው። ደህና ሰው ነው፣ ማናለብሽ። ሠራተኛ ሳይበላ እሱ አይበላም። ‹ከሠራኸው ሁሉ የበለጠውን ሥራልኝ› አለኝ። ከሠራሁት የበለጠ አልነበረኝም፤ ከጻፍሽልኝ ውስጥ ግን ነበረኝ። የሐዋሳውን ሠራሁለት። ልክ በልክ።»

ማናለብሽ ግድግዳውን ያዘች። ሐዋሳ ላይ በባዶ እግሯ ቆማ የለካችው ወለል፣ ‹አንተ ብታየው› እያለች የሣለችው ንድፍ፣ ጫግኒ ሄዶ ቤት ሆኖ እየጠበቃት ነበር። በየጠዋቱ ትረግጠዋለች። ደግሞ ለማንም አትናገርም።

«አንድ ነገር በለኝ» አለችው እያለቀሰች። «ክፉም ቢሆን በለኝ፣ ስደበኝ፤ ዝም ብለህ ብቻ አትሸኘኝ።»

ይኸነው ከባኞው ጠርዝ ተነሣ። ሲናገር ድምፁ የሥራ ድምፅ ነበር፤ ዝግ ያለ፣ ያልተጣደፈ።

«እዚያ ቤት አንድ ስሕተት አለ። ከእኔ በፊት ቧንቧውን የቀበረው ሰው ሙቁንና ቀዝቃዛውን አገላብጦታል። ያወቅሁት ሴራሚኩን ለጥፌ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ላፍርሰው ስል ሽመክት ተወው፣ እንለምደዋለን አለኝ። እንደ ሌላው ቤት ግራው ቀዝቃዛ አይደለም ብለሽ… አይ፣ እንደሱ አይደለም።» ተደናገረ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ክፍሉን በአሳቡ አየውና በእጁ አየር ላይ አሳያት። «በሌላው ቤት ሙቁ በግራ ነው። እዚያ ግን በቀኝ ነው። ቦይለሩ ኃይለኛ ነው። ቀዝቃዛ መስሎሽ በአንዴ እንዳትከፍቺው፣ ያቃጥልሻል።»

«እሽ» አለች።

እትዬ ካሳነሽ ደጅ ላይ አንድ የሠርግ ዘፈን በለሆሳስ እያዜመች ሽንኩርቷን ትልጣለች።

ማናለብሽ አንድን ልክ ሁለት ጊዜ ጠይቃ የማታውቅ ሴት ነበረች።

«በየት በኩል ነው ያልከኝ?»

«በቀኝ» አለ።

ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች፣ በሩ ድረስ ሄደች፣ እጀታውን ይዛ ቆመች።

«በየት በኩል ነው ያልከኝ፣ ይኸነው?»

ይኸነው ቀኝ እጁን ከፍ አደረገ።